ለእንግዳ የማይሆን እሳት

ሐኪሙ እናቴን የእንጨት ጭስ ካላቆመች ደረቷ እንደማይድን ሲነግራት፣ ቡሹሎ መንደር ባለው ቤታችን ጓሮ የባዮጋዝ ጉድጓድ አስቆፈርኩላት። ሳሏ ገና ከአጥር በር ሳልገባ ይሰማኝ ነበር። እሷ ግን ያስጨነቃት ሌላ ነው፤ ከላሞቿ እበት የሚወጣው ጋዝ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ለራሴ ላብስልበት፣ እንግዳን ግን በእበት እሳት አላስተናግድም አለች። በእናቴ ቤት ደግሞ እንግዳ የማይመጣበት ቀን የለም።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ምርምሬም መጥፎ ጋዝ የሚይዝ ከሰል መሥራት ነው። የቡና ገለፈት ወደ ከሰል ለውጬ በጋለ እንፋሎት ውስጥ ሳሳልፈው ውስጡ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ይሞላል። ብረት ስጨምርበት ደግሞ የሚሸተውን ጋዝ ወደ ድኝ ይለውጠዋል፤ ድኙም እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ባልደረቦቼ የሚያወሩት ስለ ፋብሪካ ጭስ ነው። እኔ ግን የማስበው የእናቴን ማድቤት ነበር።

ከሰሉን ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቄ ከምድጃዋ በፊት ቧንቧው ላይ ገጠምኩት። ሽታው ጠፋ። እናቴ አፍንጫዋን አስጠግታ ደጋግማ አሸተተችና ጎበዝ ነሽ አለችኝ። ለእንግዳ ግን አሁንም እምቢ፤ እበት እበት ነው። እሷን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ስለሆነ፣ ቤት የቀረውን የማገዶ ከሰል በሙሉ ለጎረቤት ሰጠሁባት። እልኸኝነቴ ከማን እንደመጣ ግልጽ ነው።

እሷም ለእንግዳ የሚሆን ከሰል በጥቂት በጥቂቱ ከገበያ ትገዛ ጀመር። ከወራት በኋላ የጸሎት ቡድኗ ሳይነግራት መጣ። እናቴ ከሰል ብትፈልግ አልቆባታል። ጋዙን ዘግታ፣ ቆርቆሮውን ከፍታ፣ የእኔን ከሰል ማንደጃው ላይ አቀጣጠለችው።

ተደውሎልኝ በባጃጅ እየከነፍኩ ስደርስ፣ እንግዶቹ አቮካዶው ሥር ቆመው ዓይናቸውን ያብሳሉ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስላለች፣ ትንፋሿ ያጥራታል። የማጣት መሰለኝ። ሳሉ ጋብ ሲልላት ግን ፍርሃቴ ቁጣ ሆነና፣ ያቃጠላት ጭስ ከሰሉ ስንት ወር ሙሉ ይዞ ያስቀረላት ድኝ መሆኑን ነገርኳት። ወደ ማንደጃው በጣቷ ጠቆመች።

«ይሄ ሁሉ ደረቴ ሊገባ ነበር?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አይ ልጄ» አለችና እጄን ያዘችኝ።

አዲስ ከሰል ሠርቼ ገጠምኩላት። በሳምንቱ እነዚያኑ እንግዶች ራሷ ጠራቻቸውና ዓሣ ጠበሰችላቸው፤ በእበቱ እሳት። ቆርቆሮውንም አስጎበኘቻቸው። ኬሚስትሪውን እንዳልሆነ አድርጋ ብታስረዳም አላረምኳትም፤ እንዲያውም የእሷ ይሻላል።

ባለፈው ፒያሳ ጉዳይ ይዤ ስዞር ደወለችልኝ። ከሰልሽ ጠግቧል፣ ሽታው ጀማምሮታል፣ ዓርብ እንግዳ አለብኝና ቶሎ ነይ አለች። ከዚያ ስለ ነጯ ላም አወራችኝ፤ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ከዚያም እኔ የማላገባበትን ምክንያት እሷው ጠይቃ እሷው መለሰች። እኔ ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ያን ሁሉ ስታወራና ስትስቅ አንዴም እንዳልሳለች የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው። መንገዱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።