መዳፍ ውስጥ የሚሞቅ ጠገራ

እናቴ በዴሳ ገበያ ቅቤ ሻጭ ነበረች፤ ጌጥ የሚገዛ ሰው ግን ቅቤ ባይፈልግም እሷ ጋ ይመጣ ነበር። ለአንገት ጌጥ የሚሆነው የድሮ ሳንቲም፣ ጠገራው፣ እውነተኛ ብር ይሁን ብር የተለበጠ ርካሽ ብረት እንድትለይለት ነው። ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን የሚያዳምጡትን «መጮህማ ማንም ይጮኻል» እያለች ትስቅባቸዋለች። እሷ መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ዝም ትላለች። እውነተኛ ብር ቶሎ ይሞቃል፣ የተለበጠው ይዘገያል።

ሶዶ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የአንገቷ ጠገራ ማንጠልጠያው ተሰበረ። እዚያው ከተማ ገበያ ላለ አንጥረኛ ሰጠሁት። እሷ ግን «በተለበጠ ይለውጥብኛል» እያለች ስትጨነቅ አደረች።

ጠዋት ተቀብዬ ስመለስ ዓይኗን ጨፍናለች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ጠገራውን መዳፏ ላይ አድርጌ ጣቶቿን አጠፍኩላት፤ አጠገቧም ተቀመጥኩ። ቆይቼ ብነካው በረዶ ነው።

ደሜ ፈላ። የታመመ ሰው ጌጥ ይሰረቃል? ጠገራውን ይዤ ወጣሁ፣ ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ።

«ወደ ገበያው! ዛሬ ያንን አንጥረኛ አንገቱን ነው የማንቀው!»

በንዴት ጨብጬዋለሁ። ገና ከሆስፒታሉ በር ብዙ ሳንርቅ መዳፌን ሞቀኝ። ጠገራውን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩት። እዚያም ወዲያው ሞቀ።

«ወንድም፣ ምን ሆንክ?» አለኝ ሹፌሩ።

«መልሰኝ» አልኩት።

ጠገራው ያው የእናቴ ነበር። የቀዘቀዘው እጇ ነው።