ሽታውን ማንም አልነገረኝም

አንድ ጠዋት ስነቃ የግራ እግሬ ፋሻ ርሷል። ውሃ አልነካኝም። ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ አንሶላው ላይ ደርቆ ጨርቁን ከፋሻው ጋር አጣብቆታል። ሳላቅቀው አንገሸገሸኝ። የገዛ ገላዬ እንዲህ ያስጠላኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ በፊት ሓድነት የሚባል ሰፈር ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ቅልጥሜ ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ አጥንቱ በብረትና በብሎን ታሰረ። ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አሳየችኝ። ሲ አር ፒ ይሉታል፤ በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው። «ከቀዶ ጥገና በኋላ መጨመሩ ያለ ነው። የእርስዎ እየወረደ ነው። ተመልሶ ከወጣ ግን አልወደውም፤ ለድጋሚ ምርመራ ይምጡ» አለችኝ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ቁጥሩ ሲወርድ ካየሁ በኋላ ልቤ ረጋ፤ ተመልሶ የመሄዱን ነገር ችላ አልኩት።

የምኖረው እዚያው ከተማ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ በኪራይ ቤት ነው። ቤተሰቦቼ ደብረ ብርሃን ስለሆኑ ያስታመሙኝ አከራዬ አደይ ለተብርሃን ናቸው። ገና አልጋ ላይ ሳልደላደል ጤና አዳም ቀንጥሰው በሁለቱም አፍንጫዬ ወተፉልኝ። «ሽታ ቁስል ይመታል፣ ወደይ። ጨና ኣዳሙን እንዳታወጣው!» አሉኝ። ወደይ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እኔም አደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ። እኛም አገር ያለ ነገር ስለሆነ አልተከራከርኩም። የሽንት ቤት ሽታ፣ የሰው ሽቶና ላብ ቁስሌን እንዳያመረቅዘው ጤና አዳም ስስብ ከረምኩ።

ፋሻው ከራሰ በኋላም «መግሉ ከወጣ ጥሩ ነው» ብዬ ተኛሁ። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ባልደረቦቼ መስኮት ከፍተው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ብርቱካኑን አስቀምጠው «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለው ቶሎ ይነሳሉ። ሥራ በዝቶባቸው ነው እል ነበር።

ትኩሳት ሲጀምረኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ሲ አር ፒው ከመጀመሪያውም በላይ ወጥቷል። ኢ ኤስ አር የሚባለው ሌላው የብግነት ምልክትም እንዲሁ። ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች። ፊቷን አዞረች። ከዚያ አየችኝ።

«መምህር፣ ያንን ከአፍንጫዎ ያውጡት።»

አወጣሁት።

የሞተ አይጥ ሸተተኝ። ከእኔ ነው። አስመለሰኝ።

«ቁጥሩ ብቻውን ኢንፌክሽን ነው አይልም፤ ቁስሉ ግን ይላል» አለች። «ዛሬውኑ ከፍተን እናጥበዋለን። ካልተቆጣጠርነው እግሩን ልናጣው እንችላለን።»

ተከፈተ። ታጠበ። የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ወጣ። እንደገና ተከፈተ። በቱቦ የሚወርደውን ግራጫ ነገር አይቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። እግሬን አጣዋለሁ ብዬ ፈራሁ። የሚሸተው እሱ መሆኑ ደግሞ አስጠላኝ። ሁለቱ ባንድ ላይ ሰውን ያደክማሉ።

ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን ለይቶ፣ የሚሠራበት አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ ከተጀመረልኝ በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ሲ አር ፒውም ቀስ እያለ ወረደ፤ እኔም በክራንች መጀመሪያ እስከ መስኮቱ፣ ቆይቶም እስከ ኮሪደሩ ጫፍ እየሄድኩ ከታካሚዎች ጋር ወሬ መጀመር ቻልኩ።

ቤት ስመለስ አደይ ለተብርሃንን «ሸቶዎት ነበር?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ዋይ ወደይ! ሁላችንም ሸቶን ነበር። ለታመመ ሰው ሸተትክ ይባላል እንዴ?»

ተናደድኩ። የእኔ አፍንጫ ተወትፎ፣ የእነሱ አፍ ተለጉሞ፣ በመሃል እግሬ ሊሄድ! እንዲህ ያለ ይሉኝታ ለጠላቴም አይስጠው። ግን ያንን ሽታ ችለው ሾርባ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ማንን ልቆጣ?

አጥንታችሁ በብረት የታሰረ ሁሉ፣ ቁጥሩ አንዴ ወረደ ብላችሁ እንደ እኔ አትዘናጉ፤ የድጋሚ ምርመራውን ቀን አትለፉ። ፋሻው ከራሰ፣ ከሸተተ ወይም ካተኮሳችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። አስታማሚዎችም ከሸተታችሁ ተናገሩ፤ በሽተኛው ይቀየማችሁ፣ ግድ የለም። ፊቷን አዙራ መልሳ ላየችኝ ሐኪም እድሜ ይስጥልኝ።

አደይ ለተብርሃንን አንድ ነገር አስምያቸዋለሁ፤ ፋሻዬ በተቀየረ ቁጥር የወለቀውን አሽትተው እውነቱን ይነግሩኛል። ትናንት አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

«ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ወደይ» አሉኝ።