ልጄን ያዋስኩበት ዓመት

ሮም ውስጥ የምናውቃቸው አበሾች ጉዳይ በገጠማቸው ቁጥር ልጄን ከእኔ ይዋሱ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች ጣሊያንኛን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለማሳደስ ክዌስቱራ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደውም፣ ሐኪም ዘንድ የሚቀርበውም ይዟት ይሄዳል። ቢሮ የሚከፈተው ጠዋት፣ ትምህርቷም ጠዋት።

«አንድ ቀን ብቻ፣ እህቴ። አሎራ፣ እንግዲህ ዶኩሜንቱን ማን ያነብልኛል?» ይሉኛል። እምቢ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ያለው የአበሻ ሱቅ ስገባ ልጄን ሲያሞግሱልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በቀረች ቁጥር ከትምህርት ቤቱ በስልኬ መልእክት ይመጣል። «የቤተሰብ ጉዳይ» የሚለውን ምክንያት ተጭኜ አጸድቃለሁ፤ ያለቀለት ይመስለኛል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ወላጅ ቀርቦ ካስረዳ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እዚህ ግን ምክንያቱ ቢጸድቅም መቅረቱ ይቆጠራል ለካ። ማን ነገረኝ ብዬ እንዳልከራከር፣ ማስጠንቀቂያው ሁለት ጊዜ በደብዳቤ መጥቷል። ያነበበችልኝ ራሷ ናት። «ስለ መቅረት ነው፣ እማ፤ አታስቢ» አለችኝ። እኔም ላለማሰብ ቸኮልኩ።

ሰኔ ላይ ተጠራን። አስተማሪዋ ወረቀት ዘርግታ ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ ልጄ አጠገቤ ሆና ተረጎመችልኝ። «ሕጉ ከዓመቱ ሰዓት ሦስት አራተኛውን መገኘት ግዴታ ነው ይላል። ታማ ቢሆን በሐኪም ወረቀት ይታለፍላት ነበር። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ግን ዓመቱ አይያዝላትም፣ ትደግማለች።»

ስለ ራሷ እያወራች «እደግማለሁ» ሳይሆን «ትደግማለች» ትላለች። የሰው ቃል እንዳለ ማቀበልን በየቢሮው ያስለመድናት እኛው ነን።

በገንኩ። በሕጉ፣ በአስተማሪዋ፣ ልጄን ሲዋሱ በከረሙት ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። አስተማሪዋ ግን አልጨረሰችም ነበር። ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ስትናገር «ማድሬ» እና «ኮልፓ» የሚሉትን ለየሁ። ማድሬ እናት ነው። ኮልፓ ደግሞ ጥፋት መሆኑን ተቀጥሬ የምጦራቸው ጣሊያናዊት አሮጊት ሳህን በተሰበረ ቁጥር አስተምረውኛል።

ልጄ ይህን ሳትተረጉምልኝ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«በርትታ ታጥና ነው ያለችው» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።