የባዩሽ ካርዶችና የእኔ ፊርማ

ባዩሽን የጠረጠርኳት ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ እኔ የማልጠረጥረው ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነድቻለሁ። ሰውን በኋላ መስታወት እያየ የኖረ፣ ፊት ለፊት ሲያገኘውም ማመን ያቅተዋል። ሱፍና ከረባት ለብሶ ሳይከፍል በር ከፍቶ የሮጠብኝ አለ፤ ጫማው የተቀደደው ደግሞ ጉርሻ ጨምሮ ወርዷል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት እናቴ ስትነግረኝ እስቅ ነበር። ታክሲ ከያዝኩ በኋላ መሳቁን ተውኩት።

ባዩሽ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ። የሚያገናኘን እድራችን ነው። መቶ አርባ ቤተሰብ አለበት፤ አንድ ሰው ሲሞትብን ወይ እዚሁ እንቀብራለን፣ ወይ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት እንልካለን። እሷ ገንዘብ ያዥ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ፈራሚ። የእድራችን ቼክ ያለ ሦስት ፊርማ አይንቀሳቀስም፤ ሊቀ መንበሩ አቶ ዋለልኝ ይፈርማሉ፣ ባዩሽ ትፈርማለች፣ መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ይመጣል። እድሩ የራሱ ካርድ የለውም። ደንቡ ሲረቀቅ «ካርድ ሦስት ፊርማ አይጠይቅም፤ አይሆንም!» ብዬ ጠረጴዛ የደበደብኩት እኔው ነኝ።

እስቲ ስለ እሷ ልንገራችሁ። ደብረ ታቦር ተወልዳ ያደገች፣ የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ዲቪ ደርሷት የመጣች ሴት ናት። ሆቴል ውስጥ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ በቀን አሥራ አምስት ክፍል። አሁን ሱፐርቫይዘር ሆናለች፤ ወገቧ ግን ያኔ እንደሄደ አልተመለሰም። ሃያ ደቂቃ ከተቀመጠች መነሣት አለባት። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትቆመው፤ እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ የምትቆመው ለምን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል እውል ነበር።

ቦርሳዋ ውስጥ ስድስት ክሬዲት ካርድ አለ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ለጥፋ «አስቤዛ»፣ «ጋዝ»፣ «ምግብ ቤት»፣ «ሌላ» እያለች ጽፋበታለች። የቱን ካርድ የት ብትመዝ ብዙ ነጥብ እንደሚሰጣት በቃሏ ታውቃለች። ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል አለችኝ አንድ ቀን።

«ባንክ በነፃ አውሮፕላን የሚያሳፍርሽ ምን ቤት ነሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እነሱ የሚያተርፉት በማያነብ ሰው ነው» አለችና ሳቀች። «እኔ አነባለሁ።»

እውነትም ታነባለች። ሌላው ሰው የባንክ ደብዳቤ ሳይከፍት ቅርጫት ውስጥ ሲጥል፣ እሷ ከታች በኩል ያለውን የጉንዳን ዱካ የሚያክል ጽሑፍ እያሰመረች ታነባለች። እኔ ግን እንዲህ የምታነብ ሴት የምትሸሽገው ነገር ቢኖራት ነው አልኩ።

ከስብሰባ በኋላ አንዳንዴ ምግብ ቤት እንገባለን። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ሒሳብ ሲመጣ እጅ ለእጅ ይያያዛል። «በሞቴ!» «በእናትህ፣ ዛሬስ አትከፍልም!» ወረቀቷ እስክትቀደድ መጓተት ነው። ባዩሽ ይህ ሁሉ ሳይጀመር ካርዷን ለአስተናጋጇ አስይዛ ትጠብቀናለች። ከዚያ «ካሽ ስጡኝ» ብላ ትሰበስባለች። የአሥራ ሁለት ሰው ጥሬ ብር ቦርሳዋ ውስጥ ሲገባ እኔ ዓይኔን አልነቅልም ነበር።

ካርዷን ለእድሩ መጀመሪያ ያወጣችው ውድብሪጅ የሚኖር አባላችን በሞተ ጊዜ ነው። ቀብር አስፈጻሚው ቅድሚያ ካልተከፈለው አስከሬኑን ለጉዞ አያሰናዳም። ቼኩ ደግሞ ሦስት ፊርማ እስኪያገኝ ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ መዞር አለበት። የሟች ሚስት እያለቀሰች፣ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ ባዩሽ «ሌላ» የሚለውን ካርዷን ሰጠች። ዘጠኝ ሺህ ዶላር። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነና፣ ሰው ሲሞት እሷ በካርዷ ትከፍላለች፣ እድሩ በቼክ ይተካላታል።

ልብ በሉ፣ ቼኩ የሚጻፈው በባዩሽ ስም ነው። ገንዘብ ያዥ ለራሷ ቼክ ጽፋ፣ ራሷው ፈርማ፣ «ጋሼ፣ እዚህች ጋ» ስትለኝ እጄ እንዴት ይታዘዘኛል? ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን ይዛ፣ ዊልሰን ድልድይን ተሻግራ፣ ዱክ ስትሪት ቤቴ ድረስ ትመጣለች። «ዋናው ደረሰኝ የታል?» እላለሁ። ታመጣለች። «ቀብር አስፈጻሚው ዘንድ ደውዬ ላጣራ» እላለሁ። አጣራለሁ፤ ትክክል ነው። እንደዚያም ሆኖ ቼኩን ቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴ ስድስት። ቼክ ሲያድር ሌባ ይደናገጣል ባይ ነኝ።

ባዩሽ ግን ተደናግጣ አታውቅም። «ጋሼ፣ ቀኑ እያለፈ ነው» ብቻ ትላለች። ጥድፊያዋ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

ባለፈው ጥቅምት ብስራት ደወለልኝ። ብስራት የእድራችን አባል ነው፤ ደለስ ኤርፖርት መንገደኛ በዊልቸር እየገፋ ይሠራል፤ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደመጣ ከእሱ የሚሰወር ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ባዩሽን አየኋት» አለኝ።

«እና ምን ይጠበስ?»

«የቢዝነስ ክላስ ሰልፍ ውስጥ ነው ያየኋት! አውስትራሊያ ነው የምትሄደው። ያ ወንበር እኮ ሰባት ሺህ ዶላር ነው፤ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል!»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የስንት ዓመት ጥርጣሬ በስተመጨረሻ ፍሬ አፈራ። አልጋ አንጣፊ የነበረች ሴት በሰባት ሺህ ዶላር አልጋ ላይ ተኝታ ሰማይ ለሰማይ! እሷም የእድር ገንዘብ ያዥ! በሦስት ቀን ውስጥ ከውድብሪጅ እስከ ግሪንቤልት ያልሰማ አልነበረም። ማን እንዳሰማው መቼም አትጠይቁኝም።

ባዩሽ የሄደችው ሜልበርን የምትኖረው እህቷ አየለች ልጅ ስትድር ለሰርግ ነው። ስትመለስ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ውስጥ የተከራየነው ክፍል ጢም ብሎ ጠበቃት። ከሌላው ጊዜ እጥፍ ሰው መጣ፤ መዋጮ ለመክፈል እንዲህ ቢሽቀዳደሙ እድሩ በከበረ ነበር።

ኤልሳቤጥ የምትባል፣ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልጋት አባል አለችን። ገና ስብሰባው ሳይከፈት «በሟች ገንዘብ ተኝቶ አይኬድም!» አለች።

አቶ ዋለልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባዩሽ፣ መልስ አለሽ?»

«አለኝ» አለች፣ እንደ ልማዷ ግድግዳውን ተደግፋ። «የሄድኩት በፖይንት፣ በካርዶቼ ነጥብ ነው። ወገቤ ሃያ ሰዓት አያስቀምጠኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ተኝቼ ልሂድ ብዬ ስምንት ዓመት አጠራቀምኩ። ከእድሩ አንድ ሳንቲም አልነካሁም።»

«ፖይንቱስ ከየት መጣ?» ብዬ ብድግ አልኩ። «እድሩ ከከፈለው ቀብር አይደለም?»

«ከፊሉ አዎ። አልዋሽም።»

«ይኸውላችሁ!» ኤልሳቤጥ አጨበጨበች። «በሬሳ ላይ ነዋ የተሳፈርሽው!»

ባዩሽ ከቦርሳዋ ወፍራም ሰማያዊ ማኅደር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የካርዱ የየወሩ ስቴትመንት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ አለ። የፈለገ ይመርምር። ገንዘብ ቢጎድል ሠርቼ እተካለሁ። ስም ግን ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። እናንተን ስቀብር ኖሬ የእኔን ስም በቁሜ ቅበሩታ!»

መርማሪ ማን ይሁን ሲባል አንድ ሰው ተመረጠ። ጠርጣራው ክፍሌ፤ እኔ።

ሦስት ቀን ማኅደሩ ውስጥ ተቀብሬ ከረምኩ። ደረሰኝ ከቼክ፣ ቼክ ከስቴትመንት እያመሳከርኩ አነበብኩ። ስንጥሩ የለም። በአራተኛው ቀን ልጄ ሮሆቦት ልትጠይቀኝ መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ እንደ ባዩሽ ጥቃቅኑን ታነባለች።

«ዳዲ፣ ይሄንን ለምን ዘለልከው?» ብላ አንድ መስመር በጣቷ ነካች።

«ምንድን ነው?»

«ኢንተረስት ነዋ። ፖይንት የሚያዋጣህ በየወሩ ሙሉውን ፔይ ካደረግክ ነው። ካሳለፍክ ባንኩ ወለድ ቻርጅ ያደርግሃል፣ የሰጠህን መልሶ ይወስደዋል። እሷ የራሷን ወጪ አንድም ወር አላሳለፈችም፤ እያት። ይሄ የእድሩ ዘጠኝ ሺህ ሲገባ ብቻ ነው ቀን የሚያልፍባት። እዚህም፣ እዚህም፣ እዚህም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ሲሪየስሊ፣ ቼኩን ይህን ያህል ይዞ የሚያስቀምጠው ማነው?»

ተነሥቼ ውሃ ቀዳሁ፤ ሳልጠጣው መለስኩት።

አራት ቀብር፣ አራት ቼክ። ሁሉንም ያሳደርኳቸው እኔ ነኝ። የተከፈለው ወለድ ስምንት መቶ ሠላሳ ዶላር፤ ከባዩሽ ኪስ። ከአራቱ ቀብር ያገኘችውን ነጥብ ሮሆቦት ብታሰላው የአራት መቶ ዶላር ቲኬት እንኳ አይሞላም። አውስትራሊያ ያደረሳት ነጥብ የአስቤዛዋ፣ የጋዟና አዲስ ካርድ ስታወጣ የሚሰጣት ስጦታ ነበር። እድሩ አላጓጓዛትም፤ እሷ ናት እድሩን ስትሸከም የኖረችው። ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቼኩን ማን እንዳዘገየው ታውቃለች፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሬሳ ነጋዴ ስትባል ስሜን አላነሣችም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሪፖርቴን በሁለት አንቀጽ ጻፍኩ። አቶ ዋለልኝ ሲጠሩኝ ቆምኩና የመጀመሪያውን አነበብኩ፤ «ሒሳቡ ትክክል ነው፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም።» ተጨበጨበ። ሁለተኛው አንቀጽ «ቼኮቹን ያለ ምክንያት ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ወለዱን ከኪሷ የከፈለችው ባዩሽ ናት» ይላል። መቶ ሰው ያየኛል። ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ።

«ትክክልስ ይሁን» አለች ኤልሳቤጥ፤ «ግን ጭስ ያለ እሳት የለም። ወደፊት ጠንቃቃ ሰው ይያዘው።»

«ጋሽ ክፍሌ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌሎቹም ተቀበሉት። በሙሉ ድምፅ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመረጥኩ። ባዩሽም እጇን አውጥታለች፤ አይቻታለሁ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሮጥ ብዬ ደረስኩባት። «ባዩሽ፣ ወለዱን እኔ እሰጥሻለሁ። ስምንት መቶ ሠላሳውን፣ ዛሬውኑ።»

«አይተውታል ማለት ነው» አለች።

«አይቼዋለሁ። ለምን አልተናገርሽም?»

«አባት የሚሆነኝን ሰው በሕዝብ ፊት ማዋረድ አላደግኩበትም። ራሳቸው አይተው ይናገራሉ ብዬ ነው ማኅደሩን የሰጠሁት።»

የቼክ ደብተሬን ሳወጣ እጄን በቀስታ መለሰችው።

«ገንዘቡን ይተዉት፣ ጋሼ። ስሜ የጠፋው ሰው ፊት ነው። የሚመለሰውም ሰው ፊት ነው።»

ይህ ከሆነ ሦስት ስብሰባ አልፏል። ለቅሶ ቤት ሲኬድ ሴቶቹ አሁን ለባዩሽ ራቅ ብለው ነው ቦታ የሚለቁላት። ምግብ ቤት ስንገባ ሁሉም ለየብቻው ይከፍላል። እኔን ግን «ጠንቃቃው ገንዘብ ያዣችን» እያሉ ከወንበራቸው ይነሡልኛል። አፍሬያለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ያም ሆኖ እፍረቱ አፌን አላስከፈተኝም።

በየስብሰባው መጨረሻ ላይ አቶ ዋለልኝ መነጽራቸውን እያወለቁ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ይላሉ። ባዩሽ ከግድግዳው ሥር ሆና ወደ እኔ ዞር ትላለች። እኔ የያዝኩትን ወረቀት አገላብጣለሁ።

«ከሌለ እንግዲህ ተዘግቷል» ይላሉ አቶ ዋለልኝ፣ ሰዉም ኮቱን ይለብሳል።