የማይተኛው ጣት

ፍንጣሪ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የብየዳ ቤቱ ባልደረቦቹ ናቸው፤ አንድም በሥራው፣ አንድም በጠባዩ። ነካ ሲያደርጉት ቱግ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርዳል። ብቻ እስኪበርድ ድረስ አጠገቡ የቆመ ሰው ሳይለበለብ አይቀርም። በር ወይም የደረጃ መደገፊያ ሲበይድ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ትንፋሹን ውጦ መስመሩን እንደ ስፌት ያወርደዋል።

ጊታር የጀመረው በሙዚቃ ፍቅር ተቃጥሎ ነው ብንል ውሸት ይሆናል። የጀመረው በቅናት ነው።

ሚስቱ ቀን ቀን ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች፤ ከሥራ መልስ የስፔኖችን ፍላሜንኮ ትዘፍናለች፤ ያን ከጉሮሮ ሥር እየተፈለፈለ የሚወጣውን፣ ለቅሶ ይሁን ቁጣ የማይለየውን ዘፈን። ጊታር የሚመታላት አንድ ፋርማሲስት ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ጥፍሩን በሥርዓት የሚሞርድ፣ ቃል የማይበዛበት ሰው። ሳሎን ተቀምጠው ሲለማመዱ ፍንጣሪ ከጓዳ ያያቸዋል። እሷ አንዷን ቃል ጎትታ ጎትታ ልትተነፍስ ስትል ሰውየው ጊታሩን አሳርፎ ይጠብቃታል። ሌላ ምንም የሚታይ ነገር የለም። አንድ ነገር ቢያይ ኖሮማ ተጣልቶ በተገላገለ። የሚያንገበግበው ያ መጠበቅ ነበር፤ እሱ ሚስቱን እንደዚያ ጠብቋት አያውቅም።

አንድ ቀን ማንንም ሳያማክር ጊታር ይዞ ገባ። ሚስቱ አየችው፣ ጊታሩንም አየችው፣ "ለማን ነው?" አለች። "ለራሴ ነዋ!" አለና በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ።

ከሰፈሩ በላይ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህርት ነበሩ፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ገና ጊታሩን ሳያስነኩት ግራ እጁን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ሌባ ጣቱ ላይ ድሮ የቀለጠ ብረት ያረፈበት ጠባሳ አለ። ጣቱ ቆልመም ብሎ ቀርቷል፤ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም።

"ይቺ ጣት አትተኛም" አሉት። "ሁሉንም ክር በአንዴ ተኝታ መጫን ያለባት ኮርድ ሲመጣ ታስቸግርሃለች።"

"እሱን እተወዋለሁ። ሌላ ሌላውን ያስተምሩኝ።"

"መተዉን ማን ፈቀደልህ?"

እሱ ግን ተወው። ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ተከታትለው የሚወርዱትን አራቱን ኮርዶች፣ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ፣ እጁ እስኪለምዳቸው መታቸው። እነሱ፣ ኤፍም ቢሆን በቀላሉ አያያዙ፣ ጣት ማስተኛት አይጠይቁም። የመጨረሻው ኢ የዘፈኑ ቤት ነው፤ ዜማው የትም ዞሮ የሚገባው እዚያ ነው። ዓመታት አለፉ፤ የቀኝ እጁ ጣቶችም ክሩ ላይ እንደ በረዶ ዝናብ መርገፍ ለመዱ። እትዬ ግን አንዲት ጥያቄ አላቸው፤ አይሰለቻቸውም።

"ኤፍ ለምንድን ነው ወደ ኢ መግባት የሚያምረው?"

"እጄ ስለለመደው።"

"እጅህማ ገብቷል። ጆሮህ ነው ገና ከደጅ የቆመው።"

የድምፆች ዝምድና ምናምን ሲሉት ጣቱን እያንቋቋ ሰዓት ያያል። ኮርድ ማለት ለእሱ የጣት አቀማመጥ ነው፣ አለቀ።

ሚስቱ የምትዘፍንበት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የሙዚቃ ዝግጅት ሲቃረብ ፋርማሲስቱ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ሊያወርድ ወጥቶ ከመሰላል ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ፤ በጄሶም ታሰረ። ሚስቱ ማታ ራት ላይ "እንግዲህ አንተ ትመታልኛለህ" አለችው። በደስታ አልነበረም። እሱም ደስታውን ዋጠው። ልምምዱ ደህና ሄደላቸው። የዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ግን ጉንፋን ይዟት ተነሣች።

"ዝቅ አድርግልኝ" አለችው። ድምፅዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

የጊታሩን አንገት ቆንጥጦ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ካፖ ነቀለው። ሞከረች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀ።

"አሁንም ዝቅ።"

"ከዚህ በታች መሬት ነው! ካፖ ያወጣል እንጂ አያወርድም።"

"እሱ እንዲህ ስሆን ቤቱን ወደ ታች ወደ ኤ ያዞርልኝ ነበር። ዲ ማይነር፣ ሲ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ። ከዚያ ካፖውን እንደ ድምፄ ያስተካክለዋል።"

ቢ ፍላት! ያቺው ጣት የምታስተኛዋ። "እሱ" የምትለዋ ቃልም ጆሮው ላይ እንደ መዶሻ አረፈች።

"እንግዲያው በጄሶው ይምታልሽ!"

ሚስቱ አልጮኸችበትም፤ መጮህ ድምፅ ይጨርሳል። ጉሮሮዋን በሻርፕ ጠቀለለችና ቀስ ብላ "ከቻልክ ንገረኝ፣ ካልቻልክም ንገረኝ። አልዘፍንም ብዬ እነግራቸዋለሁ" አለች። ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው። ድርግም ብታደርገው ይሻለው ነበር።

ብቻውን ሲቀር ሞከረ። ጣቱን በሌላው እጁ ጭምር ተጭኖ አስተኛት። ግማሹ ክር ድፍን፣ ግማሹ ዝዝዝ። እንደገና። እንደገና። ጠባሳው ቀላ፣ ግንባሩ ላብ አመጣ። ጊታሩን ግድግዳው ላይ ሊፈጠፍጠው አነሣና፣ ተወት አድርጎ በብብቱ ሸጉጦት ወጣ።

እትዬ ግቢያቸው ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ።

"አልቻልኩም፣ እትዬ" አለ ቆሞ።

የልብስ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡ። ይህን ሰው ሲያስተምሩ ይህን ቃል ሰምተውት አያውቁም። "ቁጭ በል" አሉት። "ቢ ፍላት ምንድን ነው?"

"ጣት አስተኝቶ..."

"ጣትህን ማን ጠየቀህ! ኮርዱ ከምን ተሠራ?"

እትዬ መልሱን ራሳቸው ሰጡት።

"ከሦስት ድምፅ ነው። ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኤፍ። ሦስቱ ይሰሙ እንጂ በየትኛው ጣት እንደመጡ የሚጠይቅህ የለም። ሌባ ጣትህን አምስተኛው ክር ላይ ብቻ አቁማት፤ በጫፏ። መካከል ያሉትን ሦስት ክሮች ሌሎቹ ጣቶች ይያዙ። ቀጭኗን ክር አትጫናት፣ ክፍቷን ትጩህ።"

"ክፍቷ እኮ ኢ ናት። ከኮርዱ ውጪ ናት!"

"ውጪ ናት፣ ትጋጫለች። ግን የኤ ኮርድ ውስጥ አለች አይደል? ቀድማ ቤት ገብታ ሌሎቹን እየጠራቻቸው ነው። ምታው።"

መታው። ድምፁ ቆረቆረው፤ ያልተዘጋ በር ይመስላል። ወደ ኤ ሲወርድ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ፈታ አለ።

"ኤፍ ወደ ኢ ስንት ብረት ይወርዳል?" አሉት፣ በጊታሩ አንገት ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች እያሳዩ።

"አንድ።"

"ይሄኛውስ?"

ጣቶቹን አየ። "አንድ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ከላይ ያሉትን ሁለቱን እርምጃዎችም ከድሮዎቹ ጋር ለካ። ያው ነው። ያው ደረጃ፣ ሌላ ቤት። ይህን ሁሉ ዓመት ሲወጣና ሲወርድበት ኖሯል።

አዳራሹ ሲደርስ ሚስቱ ቀድማው ደርሳ ከመድረኩ ጀርባ ሙቅ ውሃ እየጠጣች ነበር።

"ቻልክ?"

"ገብቶኛል። እጄ ግን ገና ነው።"

ትኩር ብላ አየችው። ይህ ሰው በዕድሜው "ገና ነኝ" ብሎ አያውቅም። ኩባያውን አስቀመጠችና "እንግባ" አለች።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ወንበር ላይ ፋርማሲስቱ እጁን በጄሶ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ፍንጣሪ ካፖውን አጥብቆ ጀመረ። ዲ ማይነር፣ ሲ፣ ከዚያ ያቺ። አንዱ ክር ዝዝ አለበት። ጆሮው ጋለ፣ መንጋጋው ተቆለፈ፤ ልማዱ ቢሆን ይሄኔ እልህ ይዞት ይሮጥ ነበር። በጫፏ ብቻ፣ አለ በሆዱ። በሁለተኛው ዙር ኮርዷ ጥርት አለች።

ሚስቱ ገባች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ግን ዝቅ ያለው ቤት ይዞላታል። የዘፈኑ መጨረሻ ሲቃረብ ቢ ፍላት ላይ ደርሰው አንዷን ቃል ያዘቻት፤ አለቀቀቻትም። እሱ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይጣደፋል፣ ቤት ገብቶ ለመገላገል። አሁን ጣቱ እየለበለበው፣ ያቺ ክፍት ክር እየቆረቆረችው፣ ያንኑ ኮርድ ደግሞ ደጋግሞ እየመታ ዐይኑን ትከሻዋ ላይ ተከለ። ከፍ አለ ትከሻዋ። ቆየ። ድምፅዋ ሊሰነጠቅ ጫፍ ላይ ደርሶ ተንቀጠቀጠ። ትከሻዋ ወረደ፤ እሱም አብሯት ወረደ፣ ኤ ላይ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ገቡ።

"አንዴ ቀድመህ ገብተህ ረግጠኸኛል" አለችው ላቧን እየጠረገች።

"ሁለቴ ነው።"

"ሁለተኛውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለችና ሻርፗን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችው።

ፋርማሲስቱ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ። ፍንጣሪ ደህናውን እጁን ጨበጠው። ከዚያ "ስትጠብቃት ምን ትቆጥራለህ?" አለው።

"አልቆጥርም። ትከሻዋን ነው የማየው።"

አምና ቢሆን ይህን የተናገረ ሰው ሌላውም እጁ ጄሶ ይገባ ነበር። ፍንጣሪ ደሙ እንደ ልማዱ ወደ ፊቱ ሲወጣ ተሰማው። ጠበቀው። መለስ አለለት።

"ቅዳሜ ቤት ና" አለው። "የቀሩትን ኮርዶች ትነግረኛለህ፤ እኔ እመታለሁ፣ አንተ ታርመኛለህ።"