ታጥቦ የተመለሰ ሳህን

ጅግጅጋ ለማስተማር በመጣሁ በአራተኛው ዓመት አባቴ ከደብረ ብርሃን እኔ ጋ መጣ። የቀሩት ጥርሶቹ በሙሉ ተነቅለው ሰው ሠራሽ ሊተካለት ስለሆነ፣ ድዱ እስኪድን ድረስ ሁለት ወር ያህል በባዶ አፍ መቆየት ነበረበት። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙበት ዓመት ነው። ወተት አይጠጣም፣ እንቁላል አይበላም፣ ሽሮ ደግሞ ቁስሉን ያቃጥለዋል። አጥሚት ሳቀርብለት «እኔ አራስ ነኝ እንዴ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። አባቴ በእጄ ላይ እያለቀ ነው ብዬ ፈራሁ።

ያን ድስት የገዛሁት ያኔ ነው። በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው፤ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ፣ ያገለገለ ዕቃ፣ ያለ አዳፕተር እኛ ግድግዳ ላይ የማይሰካ። አፕሉም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። ልጣጩን አነሳለሁ፣ አራት ቦታ ከፍዬ ፍሬውን አወጣለሁ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ትንሽ ሎሚና አንድ እንጨት ቀረፋ ጨምሬ እከድናለሁ። ከዚያ በኋላ መንካት የለም። ሰባት ሰዓት ያህል በትንሽ ሙቀት ከቆየ ራሱ ይሟሟል፤ በእንጨት ማንኪያ መታ መታ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው። መጀመሪያ የሠራሁት ቅዳሜ ቀን ነበር። አጠገቡ ሆኜ ስጠብቀው ዋልኩ። አባቴ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ጥርግ አድርጎ በልቶ «ይሄን የአፕል ገንፎ ነገም ሥሪው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ልጣጩን ለአከራያችን ፍየል ወሰድኩ። አከራያችን ባለቤታቸው የሞቱባቸው የሶማሌ ሴት ናቸው፤ ግቢው ሁሉ «ኤዶ» ይላቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ሽታው ጠርቷቸው በሬ ድረስ መጥተው ድስቱን አዩት።

«ቀኑን ሙሉ ይሠራል?» አሉኝ።

«አዎ ኤዶ። ግን መብራት አይበላም።»

«ቀኑን ሙሉ ሠርቶ እንዴት አይበላም፣ መምህርት?» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ድስቱን ሰክቼ፣ ቀዩ መብራት መብራቱን አይቼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ቀዩ መብራት በርቷል፣ ድስቱ ግን ለብ ያለ ብቻ ነው። ክዳኑን ባነሳው አፕሉ ጠቁሯል፣ ማንኪያ አይገባውም። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ እስከዚያ ሰዓት እህል ሳይቀምስ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

«አባዬ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደል የዋልኩት?»

ጎረቤቶቼን ጠየቅኩ፤ መብራት አልጠፋም። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ረቡዕ ላይ ነገሩ ገባኝ። የየክፍላችን ብሬከር ያለው ኤዶ ኮሪደር ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት አንዷ ተከራይ ስቶቭ ስትጠቀም ደርሰውባት መስመሯን ሲያጠፉባት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ስወጣ ያጠፋሉ፣ ልመለስ ስል ያበራሉ። ያ ሳቃቸው ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። ሄጄ ልጠይቃቸው እችል ነበር። ግን ብጠይቃቸው ይክዱኛል፣ ክደው ደግሞ ይስቁብኛል። ቆይ ብቻ፣ አልኩ።

በዚያ ግቢ በረመዳን ሳህን ከበር በር ይዞራል። መግሪብ፣ ማፍጠሪያው ሰዓት፣ ሊደርስ ሲል ኤዶ ራሳቸው እየዞሩ ያድላሉ፤ ሳምቡሳና ቴምር። ለእኛ ጾም መሆኑን ስለሚያውቁ ሳምቡሳውን በምስር ለብቻ ነበር የሚሠሩልን፤ ቴምሩን ደግሞ አባቴ በድዱ እየመጠጠ ይውጠዋል። ሳህኑ ሲመለስ ባዶውን አይመለስም። ያለው ያለውን ያደርግበታል፤ ቆሎም ይሁን፣ ዳቦም ይሁን፣ ሁለት ሎሚም ይሁን። ይሄን ማንም አይነግርህም፣ ማንም ግን አይስተውም።

እኔ ባዶውን መለስኩት። ሳምቡሳውን በልቼ፣ ሳህኑን በሳሙና ሁለቴ አጥቤ፣ በንጹህ ጨርቅ አድርቄ፣ እንደ መስታወት እያበራ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሳህኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «እሺ መምህርት» ብለው ተቀበሉኝ። እቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መደበቅ አልችልም። የዚያን ቀን አባቴ የጎረሰው ሁለት ቴምር ብቻ ነበር፤ እሱን እያየሁ ነው ደስ ያለኝ።

በማግስቱም ሳምቡሳው መጣ። በማግስቱም ባዶ ሳህን ሰጠኋቸው። ልጣጩን ለፍየሏ መስጠት ትቼ በፌስታል ቋጥሬ፣ እያዩኝ፣ በፊታቸው አሳልፌ እጥለው ጀመር። እሑድ እሑድ ቤት ስውል አፕሉ ስለሚበስልልኝ ለሌሎቹ ተከራዮች በሙሉ በትናንሽ ሳህን አደልኩ፤ እሳቸው ለማፍጠር ግቢው ውስጥ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ በአጠገባቸው አለፍኩ። ሰላም ሲሉኝ ሰላም እላለሁ። ጨዋ ነኝ እኮ! ጠዋት በእልህ ድስቱን እየሰካሁ፣ ስመለስ ጥሬውን እያገኘሁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አንድም ቀን ሳምቡሳው አልቀረም፣ አንድም ቀን ሳህናቸው ላይ አንድ ሎሚ አላኖርኩም።

አራተኛው ሳምንት ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ የታረሙ ፈተናዎችን ቤት ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ መቋሚያውን በብብቱ ይዞ፣ ድስቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ሶኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ከአዳፕተሩ ላይ እየነቀለ ነው።

«አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

ደንግጦ ሶኬቱን ከኋላው ደበቀው። «እሳት እኮ ነው ጥለሽው የምትሄጂው» አለኝ። «ሰው በሌለበት ቤት እሳት ጥዬ ቤተ ክርስቲያን ልቁም? ስመለስ መልሼ እሰካው የለ!»

«በየቀኑ ትነቅለው ነበር?»

«በየቀኑ ነዋ። ከአንቺ ቤት ይልቅ ገንፎው ይቅር።»

ፈተናዎቹን አንስቼ ወጣሁ። ኤዶ በራቸው ላይ ቆመው ለፍየሏ ውሃ እየሰጡ «እንዴት አደርሽ መምህርት» አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። መልሴን አላስታውሰውም። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ያሰብኩት ስለዚያ ሁሉ የታጠበ ሳህን ነበር። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ሳውቅ ደግሞ በአባቴ ተናደድኩ፣ በድስቱ ተናደድኩ፣ ውሃ በሚሰጡበት ረጋ ያለ እጃቸው ሳይቀር ተናደድኩ። እንዲህ ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት ከድስቱ አጠገብ ሳልነሳ ዋልኩ። አፕሉ ማር መሰለ። ለአባቴ ቀነስኩለትና የቀረውን በሙሉ፣ እናቴ በሰጠችኝ አበባ ባለው ሳህን ሞልቼ፣ አዛን ሳይባል ኤዶ ምንጣፍ ድረስ ወሰድኩ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። በፊታቸው ነገርኳቸው።

«ኤዶ፣ መብራቱን ያጠፉብኝ መስሎኝ ነበር። ሳህንዎን ባዶ የመለስኩት አውቄ ነው። አባቴ ነው ሲነቅለው የኖረው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ብትጠይቂኝ ኖሮ ኮሪደሩን ከፍቼ አሳይሽ ነበር» አሉ። ሳህኑን ተቀብለው ቀረፋውን አሸተቱት። «እሺ መምህርት» አሉ። ቀለለኝ። አበቃ ብዬ፣ ሰላም ብዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ መግሪብ ሊደርስ ሲል በሬ ተንኳኳ። በደስታ ከፈትኩ። ኤዶ ቆመዋል፣ በሁለት እጃቸው አበባ ያለውን ሳህን ይዘዋል። በሳሙና ታጥቧል፣ በንጹህ ጨርቅ ደርቋል። አበቦቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ላያቸው ላይ ምንም የለም።

«ሳህንሽ» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ ከበሬ አጠገብ ያኖሩትን ሳምቡሳም አንስተው ወደ ቀጣዩ በር አለፉ።

አባቴ ከአልጋው ሆኖ፣ ቴምሩን እየጠበቀ፣ «ዛሬ ምን አመጡ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።