ቨርነን ፔል ስልክ የጠበቀበት ቤት

ከአዳማ የወጣሁት ሲመሻሽ ነው። ወደ ቦሌ የሚወስደኝ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ በር ላይ ቆሟል፤ ባለቤቴ መሠረት የስምንት ወር ልጃችንን ሶልያናን አቅፋ መስኮቱ ሥር ትጠብቃለች፤ አማቴ ጋሽ መኮንን ግን ሻንጣዬን ይዘው አልለቅም አሉ።

«ቃል ስጠኝ» አሉኝ። «ቁልፉ በእጅህ የሆነ ቤት ሳይኖርህ አትጠራትም። አራት ወንድ በሚያድርበት ክፍል ልጄ አትገባም።»

ሰፈርተኛው ሁሉ እየሰማ ቃል ሰጠሁ። አሁን ሳስበው ያን ቃል ስሰጥ ድምፄ በጣም አምሮ ነበር፤ ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ዲቪ የደረሰኝ እኔ ነኝ። ቪዛውን ሦስታችንም አግኝተናል፤ እኔ ቀድሜ ሄጄ ቤት ላዘጋጅ፣ እነሱ ሊከተሉኝ ተስማማን። የእነሱ ቪዛ ላይ ግን የመግቢያው የመጨረሻ ቀን ተጽፏል። ያ ቀን ካለፈ ዕድሉም አብሮ ያልፋል፤ ሄዶ የሚለመንበት መስኮት የለም። ይህን የምጽፈው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው።

ጋሽ መኮንን ቪዲዮ ቤት ነበራቸው፤ እኔ ደግሞ ተርጓሚያቸው ነበርኩ። ማይክ ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቀመጥና ተዋናዩ በእንግሊዝኛ የሚለውን እግር በእግር እየተከተልኩ በአማርኛ እላለሁ። እንግሊዝኛውን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። አንድ ነጋዴ ከዱባይ ባመጣው ሃርድ ዲስክ ውስጥ፣ ፊልም ገና መናገር በጀመረበት ዘመን የተሠሩ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ነበሩ። ጋሽ መኮንን «ከልጅ ጋር ሲያዩት አያሳፍርም» ብለው ወደዷቸው። እኔ የወደድኳቸው ስለሚሰሙ ነው። በዚያ ጊዜ ማይኩን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ይደብቁት ነበር፤ ተዋናዩ ከአበባው አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆምና እያንዳንዷን ቃል ጥርት አድርጎ ይናገራል። ከሁሉም ጥርት የሚለው ቨርነን ፔል ነበር። እያቆምኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ በደብተር እየጻፍኩ ከእሱ ተማርኩ።

ያልገባኝ ቦታ ሲመጣ ከራሴ እፈጥራለሁ። ጋሽ መኮንን እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሆኖም ከኋላ ወንበር ሆነው አንድም ቀን አላለፉኝም። «ይሄን ፊልሙ አላለውም!» ይላሉ በሰው ፊት። አንድ ቀን እንዴት እንደሚያውቁ ብጠይቃቸው፣ «ስትፈጥር ድምፅህ ያምራል» አሉኝ።

ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ላይ ወረቀቴን የተቀበለው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ገና ሰላምታዬን ሲሰማ ቀና አለ።

«እንግሊዝኛ የት ነው የተማርከው?»

«ከአቶ ቨርነን ፔል፣ ጌታዬ።»

«እዚህ ነው የሚኖረው?»

«በሕይወት የለም፣ ጌታዬ።»

«ያስታውቃል» አለና ማህተሙን መታልኝ።

የምኖረው ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር፣ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ከሦስት ሹፌሮች ጋር ነው። ሥራዬ ምግብ ቤት በር ላይ የእንግዶችን መኪና ተቀብሎ ፓርክ ማድረግ ነው። የአገሩ አየር ሰው ያታልላል። ጠዋት ጠዋት ከባሕር የሚመጣው ደመና ዝቅ ብሎ ሲጠቁር፣ ያዳማ ልጅ ነኝና «መጣ» ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። እኩለ ቀን ሲሆን ደመናው ሹልክ ብሎ ይሄዳል፤ አንድ ጠብታም አይጥልም። ሰዉም እንደዚያው ነው። «በእርግጠኝነት እንደውልልሃለን» ይሉሃል ፈገግ ብለው፤ አንተ ጃንጥላህን ይዘህ ትቀራለህ።

ቤት ፍለጋ አስራ አንድ ቦታ ሄጃለሁ። ክሬንሾው አካባቢ ያለ አንድ አከራይ ቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ወጣት ፎርሜን አይታ መለሰችልኝ።

«ከዚህ በፊት የኖርክበትን ዚፕ ኮድ አልሞላህም።»

«እኛ ጋ ዚፕ ኮድ የለም።»

«ዚፕ ኮድ የሌለው ቦታ የለም። ታዲያ ፖስታ እንዴት ይደርሳችኋል?»

«ሰውየውን ያውቁታል።»

«ማን ነው የሚያውቀው?»

«ሁሉም።»

ኮምፒውተሩ «ሁሉም» የሚል ቃል አልቀበልም አላት። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ ይመስለኛል።

የዚያን ቀን ተስፋዬ ሲሟጠጥ የሄድኩት ቤተ መጻሕፍት ነው። የቨርነን ፔልን ነገር ከመጣሁ ጀምሮ እያጠናቀርኩ ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። ድምፅ አልባው ፊልም ያነገሣቸው ተዋንያን ድምፃቸው ሲሰማ ከዙፋን ሲወርዱ፣ እሱ ድምፁን ይዞ ከቲያትር መድረክ መጣ። ስሙ ከፊልሙ ርዕስ በላይ ይጻፍ ነበር። ቆይቶ ማይኩ ከአበባው ወጥቶ በረጅም ዘንግ ከሰው ራስ በላይ ተንጠለጠለ፤ ተዋንያን እየሄዱ፣ እያኘኩ፣ አንዱ የሌላውን ወሬ እየነጠቀ ማውራት ጀመሩ። እሱ ግን አበባው አጠገብ እንደቆመ ቀረ። ከባል ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ዳኛ፣ ከዳኛ ወደ በር ከፋች ወረደ። በመጨረሻው ፊልም ጭራሽ አይታይም፤ ስልክ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው፦ «ተሳስተዋል፣ እዚህ እንደዚያ የሚባል ሰው የለም።» የኛም ቪዲዮ ቤት የተዘጋው በዲሽ የሚመጡት ድራማዎች ራሳቸው አማርኛ መናገር ሲጀምሩ ስለነበር፣ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በቤተ መጻሕፍቱ የድሮ የስልክ ማውጫ ውስጥ ስሙን ከነአድራሻው አገኘሁት፤ ፓልምስ ውስጥ ነው፣ ከካልቨር ሲቲ የፊልም ስቱዲዮዎች ብዙ የማይርቅ። በማግስቱ በዕረፍት ቀኔ ሄድኩ፤ ቤቱን ላየው ብቻ ነበር። ሁለት ፎቅ፣ ስምንት በር፣ ነጭ ቀለሙ የተላጠ። የፊት ለፊቱ ሣር ላይ የሚከራይ ቤት እንዳለ የሚናገር ሰሌዳ ተተክሏል።

በሩን የከፈቱልኝ ሚስስ ሆሊስ የሚባሉ ሰማንያ የሚሆናቸው ሴት ናቸው፤ ሕንፃው ከአባታቸው የወረሱት ነው። እኔ ሲጨንቀኝ የሚወጣው የፔል እንግሊዝኛ ነው።

«እመቤቴ፣ ባላውክዎ ኖሮ ምንኛ በወደድኩ፤ ነገር ግን ስለ ቤቱ ጉዳይ ጥቂት ደቂቃ ቢፈቅዱልኝ...»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁን አቆሙና ትኩር ብለው አዩኝ። «እንደዚህ የሚናገር ሰው ከሰማሁ...» አሉና አልጨረሱትም። የፔልን ስም ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ያስገቡኝ ክፍል እሱ የኖረበት አልነበረም፤ የእሱ ከጎኑ ነው። ኮሪደሩ ግድግዳ ውስጥ ግን እንደ መስኮት የተቦረቦረች ትንሽ ቦታ አለች፤ ድሮ የሕንፃው ስልክ የሚቀመጥባት።

«ሚስተር ፔል እዚህ ወንበር አስጠግቶ ይቀመጥ ነበር» አሉ። «ከስቱዲዮ ይደውሉልኛል ይላል። እኛ ልጆቹ ስልኩን እንዳንነካ አባቴ ይከለክለን ነበር።»

«ደወሉለት?»

«እኔ ቤት እያለሁ ጥርስ ሐኪም ነው የደወለው።»

ሶልያናን እዚያ ኮሪደር ላይ ስትድህ በሐሳቤ አየኋት። ክፍሉን በእርምጃ ለካሁት፤ ቁመቱ አስራ ሦስት፣ ወርዱ ዘጠኝ። ሚስስ ሆሊስ ክሬዲት፣ የብድር ታሪክ ምናምን አልጠየቁኝም። «ሦስት ሪፈረንስ አምጣልኝ፤ ስለ አንተ የሚመሰክሩ» አሉኝ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው፤ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ እዚህ አገር ያረጁ ሰው ናቸው። «ሶ፣ ፎርም ነው፤ እንሞላለን» አሉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ጽጌ ግን ከወጥ ቤት ወጥተው ተቆጡ።

«ሰው በወረቀት ይመሰከርለታል እንዴ? አንቱም ብለው ሽማግሌ! ሴትየዋ ሦስት ሰው ነው ያለችው፤ ሦስት ሰው እንሄዳለን። እኔ አምስት ልጃገረድ ለምኜ ያስሰጠሁ ሴት አንዲት ክፍል ያቅተኛል?»

እኔም ያኔ ልክ መሰለኝ። አዳማ ክፍል ስከራይ ዋሴ በእግሩ መጥቶ ነው የመሰከረልኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ታደሰ፣ እትዬ ጽጌና አንድ ዲያቆን በነጭ ነጠላቸው፣ እኔ ከኋላ፣ ፓልምስ ደረስን። ሚስስ ሆሊስ በሩን ከፈቱ፣ ነጭ ለባሾቹን አዩ፣ «በጣም አመሰግናለሁ፣ የራሴ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» ብለው መልሰው ዘጉት።

ሁለተኛ ስናንኳኳ ከዲያቆኑ ትከሻ በላይ እኔን አዩኝና አስገቡን። ወንበር አቀረቡ፤ ማንም አልተቀመጠም።

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታደሰ በእንግሊዝኛ።

«የምን መልስ?»

«ይህ ልጅ ልጃችን ነው። ጭምት ነው፣ አይጠጣም፣ የሰው መኪና ጭሮ አያውቅም። ቤትዎን ይስጡት ብለን መጣን።»

«ወረቀት የለም?»

«እኛ ነን ወረቀቱ» አሉ እትዬ ጽጌ በአማርኛ፤ እኔ ተረጎምኩት። ይህን በትክክል ነው የተረጎምኩት።

እነሱ አንቀመጥም ሲሉ ሚስስ ሆሊስም በታመመ ጉልበታቸው ቆሙ፤ እንዲህ ተፋጥጠን ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ወንበር ተደግፈው፣ «እኔ እሺ ባልኩ፤ ግን ኮንትራቱን የሚፈርመው ወንድ ልጄ ነው፤ እሱ ደግሞ ከወረቀት ሌላ አያምንም። ልለምነው። ዓርብ ከምሳ በፊት እደውልልሃለሁ» አሉ። ስንወጣ እትዬ ጽጌ «ልጅቷን ሰጥተውናል» አሉ። ጋሽ ታደሰ የመኪናቸውን ቁልፍ ፈለጉ፤ እሳቸው አሜሪካን ያውቋታል።

ዛሬ ዓርብ ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ክፍላችን ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሦስቱን ሹፌሮች እንዳትደውሉብኝ ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ። አዳማ ነው፤ እዚያ እራት ሰዓት ነው።

«እህ፣ ቤቱስ?» አሉ ጋሽ መኮንን። ከበስተኋላቸው ሶልያና ማንኪያ በሳህን ትመታለች፤ መሠረት «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች።

«ቤቱማ ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። «ፓልምስ የሚባል ሰፈር ነው፣ ጸጥ ያለ። ፀሐይ ከምሥራቅ ትገባለች። ኮሪደሩ ሰፊ ነው፣ ሶልያና እንደ ልቧ ትድህበታለች። ግድግዳው ላይ ስልክ የሚቀመጥባት ቦታ አለች፤ እዚያ አበባ እናደርጋለን።»

ማንኪያው ቆመ።

«ይሄን ፊልሙ አላለውም» አሉ።

ውስጤ ያለው ቨርነን ፔል ከአበባው አጠገብ ዞር አለ።

«አዎ ጋሼ። ቤቱ አለ፤ እኔ ግን ገና አላገኘሁትም። ሴትየዋ ልጇን እየለመነችልኝ ነው።»

«መቼ ልትነግርህ ነው?»

«ዛሬ። ከምሳ በፊት እደውላለሁ ብላለች።»

«ዛሬ?» ድምፃቸው ጣሪያ ነካ። «እና ስልኩን እኔ ይዤብህ ነው እንዴ? ዝጋ እንጂ! ዝጋው!»

ሌላ ስልክ ሲገባ እንደሚያሳይ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት መሠረት «ቆይ አባዬ፣ እኔ ሳላናግረው...» ስትል ሰማኋት። ተዘጋ።

ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ጉልበቴ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ውጭ ደመናው ገና አልተገፈፈም። መልሼ መሠረት ጋ መደወል ፈለግኩ፤ ሚስስ ሆሊስ ቢደውሉስ ብዬ ግን እጄን ሰበሰብኩ።